አጥንቷ ሳይጠና

በአገራችን ገበሬ ዘንድ በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ አንድ ጽኑ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ወይፈን ትከሻው ሳይደድር ቀንበር አይጫንበትም፣ ውርንጭላ ወገቡ ሳይጸና ኮርቻ አይደረግበትም፣ ጊደርም ጊዜዋ ሳይደርስ ኮርማ እንዳይቀርባት እረኛው ይጠብቃታል። ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ዝም አይለውም፤ «ምነው፣ አጥንቱ ሳይጠና?» ብሎ ይወቅሰዋል። ለእንስሳው ይህን ያህል የሚራራ፣ የሥነ ፍጥረትንም ጊዜና ወቅት ይህን ያህል ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ፣ የ13 ዓመት ልጁን አስጊጦና ሸልሞ፣ በበቅሎ ላይ አስቀምጦ፣ በእልልታና በሆታ አጅቦ፣ ልትችለው ለማይገባት ሸክም አሳልፎ ሲሰጣት ማየት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ልቤን ሲያስጨንቀው የኖረ ነገር ነው።

ያደግሁት በጎጃም ነው። ከቤታችን በታች ባለው ግቢ የምትኖር፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ከምንጭ ስንመለስ እንስራዋን አሳርፋ ቅልልቦሽ የምታጫውተኝ አንዲት ልጅ ነበረች። በአንድ የጥር ወር ሠርጓ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ግርግር በዓይኔ የቀረው ጫማዋ ነው፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበርና፣ ሙሽራው ያመጣው የላስቲክ ጫማ ሰፍቷት በጣቱ በኩል ጨርቅ ተወትፎበት ነበር። ሚዜው ከኋላዋ በበቅሎዋ ላይ ተቀምጦ ደግፏት ሲሄድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራ ስለ ነበር፣ ገና ከመንደሩ ሳትወጣ በዕንቅልፍ ራሷን ደረቱ ላይ ጣለች፤ ሴቶቹም ይህን አይተው «ጨዋ ልጅ፣ አንገት ደፊ» እያሉ አመሰገኗት።

በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ያው መንገድ ሌላ አጀብ አሳለፈ። የበኩር ልጇን እንደ አገሩ ልማድ በእናቷ ቤት ልትወልድ መጥታ ነበርና፣ ምጧ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ከቆየ በኋላ፣ የልምድ አዋላጇም «ከእንግዲህ ከእጄ ወጣች» ካሉ በኋላ፣ የመንደሩ ወንዶች በሁለት የባሕር ዛፍ አጠናና በጠፍር ቃሬዛ አበጅተው፣ በጋቢ ሸፍነው፣ ትከሻ እየተለዋወጡ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ተሸከሟት። እኔ ፋኖስ ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር እስኪጎድል ድረስ ከምሽት እስከ ንጋት ዳር ላይ ተቀመጥን፤ ሴቶቹ በዝናብ ውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ፣ ከጋቢው ሥር የሚሰማው ድምፅ ሌሊቱ እየገፋ በሄደ መጠን እየቀነሰ ሄደ። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። እርሷ ተረፈች፤ ነገር ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የደስታ ቃል በዚያ ቤት በሙሉ አፍ አልተነገረም። ሳምንት ሳይሞላ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይወርድ ጀመር፤ ባሏ ብዙ ሳይቆይ ሌላ አገባ፤ አባቷም ከግቢው ጥግ ትንሽ ጎጆ ቀለሱላት። እናቴ በየእሑዱ እንጀራ አስይዛ ትልከኝ ነበርና፣ ከደጃፉ ቆሜ ስጠራት እጇን ብቻ ታወጣ ነበር። ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ የሰው ዓይን ነው አለኝ፤ ሌላው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለኝ። የሕመሙን ስም የሰማሁት ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ነው፤ ፊስቱላ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ከሐኪሞች ጠይቄ፣ ከመጻሕፍትም አንብቤ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ «አጥንቷ ሳይጠና» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለምሳሌ ያህል የተነገረ ሳይሆን ቃል በቃል እውነት መሆኑን ነው። የሴት ልጅ የዳሌ አጥንት ከቁመቷ ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም። ቁመቷ በረዘመ፣ ጡቷ ባጎጠጎጠ፣ የወር አበባዋም በታየ ጊዜ ቤተ ዘመዱ «ደረሰች» ይላል፤ ነገር ግን ሕፃኑ የሚያልፍበት የአጥንት በር ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት መስፋቱን አያቋርጥም፤ ይልቁንም ምግብ በጎደለበት ቤት ያደገች፣ ከምንጭና ከማገዶ ሸክም ያላረፈች ልጅ እንደ ሆነች እድገቷ ሁሉ ስለሚዘገይ በሩ የሚሰፋበት ዘመን ከዚያም ይርቃል። ምጡ ሲመጣ ማኅፀን ዕድሜ አይጠይቅም፤ የተፈጠረበትን ሥራ ይሠራል፤ ሕፃኑን ወደ ታች ይገፋል። ራሱ ከአጥንቱ ጋር ተጋጥሞ መውጫ ሲያጣ፣ ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከኋላ ደንዳኔ፣ በመካከል የተጨመቀው ለስላሳ ሥጋ ደም ይነፈገዋል፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ደም የተነፈገ ሥጋ ደግሞ ይሞታል፤ ከሦስት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ተቆርጦ ይወድቃል፤ በቦታው ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ አብሮ ተጎድቶ፣ እግሯ እየተጎተተ የሚቀር ልጅም አለች።

ይህ ግን ከአደጋዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚወልዱ ልጆች፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ ኤክላምፕሲያ ለተባለው የእርግዝና መንቀጥቀጥ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የማኅፀን ቁስለትና ደምን ለሚመርዝ ብርቱ ትኩሳት የተጋለጡ ናቸው፤ የሚወልዷቸውም ሕፃናት ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ፣ ክብደታቸውም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የመንቀጥቀጡ ነገር በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበረታል፤ አስቀድሞም ምልክት ይሰጣል፤ ጽኑ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከልብ ሥር የሚወጋ ሕመም። ምልክቱ ችላ ተብሎ ልጅቱ ስትወድቅ፣ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ጥርሷን ነክሳ ስትንዘፈዘፍ ቤተሰቡ ጋኔን ያዛት ብሎ ወደ ጸበል ይሮጣል። በጸበል የሚያምን ሰው ነኝ፤ ስለዚህም እደፍራለሁ፤ ጸበሉ አይቀርም፣ ነገር ግን አስቀድሞ የደም ግፊቷን የሚለካ፣ ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት የሚሰጥ የጤና ባለሙያ ዘንድ ትድረስ፤ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። ከዚህም ሌላ አካሏ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ ስትፀንስ፣ ለአንዷ ያልበቃው መብል ለሁለት አዳጊዎች ይከፈላል፤ ደም ያነሳት ልጅ በወሊድ ጊዜ ጥቂት ቢፈስሳት እንኳ የምትቋቋምበት ጉልበት የላትም። እናትና ልጅ በአንድ ዓመት አራስ ሆነው በአንድ ጣራ ሥር የተኙበትን ቤት አይቻለሁ፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት የተረቱት አበው ሊሆን የማይገባ ነገር ምሳሌ ይሆናቸው ዘንድ እንደ መረጡት ሳስብ፣ በዚያ ቤት ደጃፍ እንደ ቆምሁ ተረቱ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ።

ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ፣ ከየገጠሩ በእግር የመጡ፣ ሽታቸውን ፈርተው ከሰው ርቀው የሚቀመጡ ልጆችን ባዩ ጊዜ፣ ለጥቂት ጊዜ የመጡበት አገር የዕድሜ ልክ አገራቸው ሆነ። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከዓመታት በኋላ ተከፈተ፤ ኋላም በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተተከሉ፤ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታከሙ። ካትሪን ሐምሊን በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በ96 ዓመታቸው በዚህችው አገር ዐረፉ። ከታካሚዎቹ መካከል ማሚቱ ጋሼ የተባሉት፣ በልጅነታቸው በምጥ ተጎድተው መጥተው፣ ከተፈወሱ በኋላ በዚያው ቀርተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው የቀዶ ሕክምናን ጥበብ ተምረው፣ ራሳቸው ቀዳጅ ሐኪም ለመሆን በቁ፤ የተማሩ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ስለ እርሱ ስናወራም ደስ ይለናል። እኔ ግን ይህን ሆስፒታል ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዐልጋዎቹን ከሚሞሏቸው ልጆች ብዙዎቹ የእኛን መንደር ከመሰለ መንደር፣ ሽማግሌ ተልኮላቸው፣ ተመርቀውና ተሸልመው የወጡ ናቸው። ሐኪሙ የሚሰፋው እኛ የቀደድነውን ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶውም 15 ሳይሞላቸው የተዳሩ መሆናቸውን አገኘ፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆችም 13 በመቶው በዚያን ጊዜ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰዋል። ሕግ ስለ ሌለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመትን ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ 13 ዓመት የሞላት እንደ ሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ ያነሰች እንደ ሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ከተማ ተቀምጧል፤ ሠርጉ ደግሞ ዳሱን «የክርስትና ድግስ ነው»፣ «የማኅበር ነው» እያለ በሌላ ስም ይጥላል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የማከብራቸው ሐኪሞች አሉ፣ «የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ርቀት ነው፤ ጤና ጣቢያው ቢቀርብ፣ አምቡላንሱ ቢደርስ፣ የ16 ዓመቷም በሰላም ትገላገላለች» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ2008ቱ ጥናት በጤና ድርጅት የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ፤ በእያንዳንዱ 100,000 ሕፃናት መወለድ የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 871 በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዶ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ ሁለት ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው አስቀምጦ፣ ከዚህ መልካም ፍሬ ድርሻ አለው። ነገር ግን ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ምጥ ሲጀምራት «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ» ለማለት አፍ ያላት ማን ናት? የ25 ዓመቷ እመቤት ጓዳዋን ታዝዛለች፤ ዶሮዋን ሸጣ የያዘችው ጥቂት ገንዘብ አላት፤ አንድ ሁለት ጊዜም አምጣ የምጥን መልክ ታውቀዋለች። የ14 ዓመቷ ሙሽራ ግን በአማቷ ቤት ከልጆቹ አንዷ ናት፤ ወጥ ለመቅመስ እንኳ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የሚሰማት ሕመም የተለመደው ይሁን ያልተለመደው የምትለይበት ዕውቀት የላትም፤ ጤና ጣቢያው ከቤቷ ደጃፍ ቢሠራ እንኳ በእርሷና በበሩ መካከል ባል፣ አማትና አማች ቆመዋል። ስለዚህ ዕድሜና ርቀት ሁለት ነገሮች አይደሉም፤ ልጅነት ራሱ ርቀት ነው።

ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። በአገራችን ገጠር ካለው ቃል ሁሉ «ቆሞ ቀር» የሚለውን ያህል የሚፈራ የለም፤ 16 ዓመት የሞላት ልጅ ሳትታጭ ወደ ምንጭ ስትወርድ ይህን ቃል ትሰማለች፤ እናቷም በገበያ ትሰማዋለች። ተጠልፋ ብትወሰድስ፣ ክብረ ንጽሕናዋ ቢጠፋስ፣ እኔ ሳልድራት ብሞትስ የሚል ሥጋት አለ። መሬትና ዝምድና የሚተሳሰሩበት ጋብቻም አለ። በዚህ ላይ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ካለኝ ፍቅር የተነሣ ዝም ልል የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ዲያቆን ወደ ቅስና ለመድረስ ድንግል አግብቶ፣ ቆርቦ፣ በአንዲት መወሰን እንዳለበት ሥርዓታችን ያዝዛል፤ ትእዛዙ ቅዱስ ነው። ነገር ግን የዲያቆኑ ቤተ ዘመድ «ለጥንቃቄ» እያለ ከ10 እና ከ12 ዓመት ሕፃናት መካከል መምረጥን ልማድ አደረገው። ቀኖናው የሚጠይቀው ንጽሕናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም። ሥርዓተ ተክሊሉን የሚፈጽም ካህን፣ በሙሽራዪቱ ራስ ላይ አክሊል ከመድፋቱ በፊት ዕድሜዋን ቢጠይቅ፣ በክርስትና ያነሣት እርሱ ወይም ባልንጀራው ነውና፣ በ80 ቀኗ የተጠመቀችበትን ዘመን ቆጥሮ ለማወቅ የሚያስቸግረው የለም። በገጠሩ ከዳኛ ይልቅ የነፍስ አባት ይሰማል፤ ስለዚህ ከዳኛው ይልቅ የነፍስ አባት ይጠየቃል።

ልማድ አይለወጥም ለሚሉትም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአማራ ክልል፣ ሞሰቦ በተባለ ገጠር፣ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ተሞክሮ ነበር፤ ልጆቹ እየተሰበሰቡ ከታላላቅ ሴቶች ይመከራሉ፣ ለትምህርት ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸዋል፣ ወላጆችም በሥራው ዘመን ልጃቸውን ሳይድሩ ከትምህርት ገበታ ካቆዩአት በመጨረሻ አንድ በግ ይሰጣቸዋል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች በሌላው ቀበሌ ካሉት እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመዳር ዕድላቸው ወደ ዐሥር እጅ አንድ ወረደ። 15 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ሠርጉ እንደ ገና መምጣቱ አልቀረም፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ከ12 ወደ 15 መድረስ ለአንዲት ልጅ አጥንት ሦስት ዓመት ማደጊያ ነው። የእነዚህ ዓመታት ዋጋ አንድ በግና ጥቂት ደብተር መሆኑን ሳስብ፣ ለአንድ ሠርግ የምናርደውን በሬ፣ የምንጠምቀውን ጠላ፣ የምንጥለውን ዳስ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ዘመዶቼ ከአገር ቤት መጥተው፣ «የተማርህ ነህ፣ ቃልህ ይከብራልና ሽማግሌ ሆነህ ሂድልን» አሉኝ። እንድትታጭ የተፈለገችው ልጅ ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። አልሄድም አልኋቸው፤ እስከ ዐሥረኛ ክፍል የምትማርበትን ወጪ ልቻል ብዬም ለመንሁ። አዝነው ሄዱ፤ በእኔ ምትክ ሌላ ሰው ወሰዱ፤ በጥር ተዳረች። ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ልጠቁም ይገባኝ ነበር፤ ዝምድናን ፈርቼ አልጠቆምሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ሕሊናዬን ይወቅሰዋል። ከላይ ስለ ካህኑና ስለ ወላጆች የጻፍሁትን ሁሉ የምጽፈው ከዚህ ጥፋት ነጻ ሆኜ አይደለም።

አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ሄጄ እናቷን አነጋገርኋት። «አያ፣ እኔም እርሷን ያማጥሁት በ15 ዓመቴ ነው፤ ማርያም አወጣችኝ፤ እርሷንም በሽልም ታወጣታለች» አለችኝ። «አሜን» ብዬ፣ በዚያ ዓመት ከአንቺ ጋር በዚህ ቀበሌ የመጀመሪያቸውን ያማጡት እነማን ነበሩ ብዬ ጠየቅኋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቆጥር ጀመር፤ አንዲቱን ጠርታ፣ ሁለተኛይቱን ጠርታ፣ ሦስተኛይቱ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ «እነርሱም እኮ ይጠሯት ነበር» አለች።

የጤና ጣቢያው ከቤታቸው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በግቢው ውስጥ ወላዶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ቡና ይፈላበታል፣ ገንፎ ይገነፋበታል፣ አዋላጇም በየጠዋቱ ብቅ እያለች ሆድ ትዳስሳለች፣ የደም ግፊት ትለካለች። ስምንተኛው ወር ሲገባ ልጅቱ ወደዚያ እንድትሄድ ከእናቷ ጋር ተስማምተናል፤ ቅራሪና ቆሎውን እናቷ፣ ጤፉን እኔ ልንችል። ባልየው እሺ ብሏል። አማቷ ግን «የአዝመራ ሰዓት ነው፣ ማን ያግዘኛል» ብለው እስከ አሁን አልፈቀዱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸውን ይዤ ልለምናቸው እሄዳለሁ፤ ጤፉን የምታደርሰውን አህያ ለቅዳሜ ተከራይቻለሁ።